ሽማግሌው ከሚመጣ መምህሩ ይሂድ፦ ስለ ሚሽን መስክ መሪዎች ሥልጠና ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአገልጋዮች ስልክ ላይ ሲዘዋወር የቆየ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። የሥነ መለኮት ኮሌጅ መምህር መሆናቸው ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይኼ ነው። በደቡብ ኦሞና በመሰል የሚሽን መስኮች አዳዲስ አጥቢያዎች እየተተከሉ ነው፤ የሚመሯቸው ሽማግሌዎችና ወንጌላውያን ግን አልተማሩም። ስለዚህ በየመንደሩ የሚሰጠው «የዛፍ ሥር ሥልጠና» (አባባሉ የእሳቸው ነው) ይቁምና መሪዎቹ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሁለት ሦስት ዓመት ኮሌጅ ይግቡ። ለዚህም ስድስት ምክንያት ደርድረዋል።

ጽሑፉ በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም። እኔ ግን ከዚያው ከዛፉ ሥር ከሚያስተምሩት ወገን ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። የእሳቸውን ቅደም ተከተል ጠብቄ እሄዳለሁ። አንዳንዱ ላይ ቆየት እላለሁ፣ አንዳንዱን በአጭሩ አልፋለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያታቸው «ያልተማረ መሪ ለኑፋቄ በር ይከፍታል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይከፍታል። ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል። መንደሩ ውስጥ የተማረ ሰውና ጭራሽ ያልተማረ ሰው አንድ አይደሉም። እኛ እኮ «አይማር» አላልንም፤ «እዚያው ይማር» ነው ያልነው።

ደግሞስ ኑፋቄው ከየት ነው የሚመጣው? ከሐመር በረት ነው? ዘይትና ውሃ የሚሸጠው «ነቢይ» ሐመር አገር ባለችው ቱርሚ ከተማ ውስጥ አልተፈለፈለም። ከተማ ውስጥ፣ መድረክና ካሜራ ባለበት፣ አንዳንዴም ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ቢሮ ውስጥ ነው ያደገው። ወደ ገጠሩ የሄደው በሳተላይትና በስልክ ነው። የከተማውን በሽታ ለመከላከል ጤነኛውን ሰው ወደ ከተማ ማምጣት ምን ዓይነት ሕክምና እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። በሐመር፣ በበና ወይም በዳሰነች መካከል ያለ ሽማግሌ በየቀኑ የሚገጥሙት ጥያቄዎች አሉ። ሦስት ሚስት ያለው ሰው አመነና መጠመቅ ፈለገ፤ ምን ይሁን? ወንድሙ የሞተበት ሰው እንደ ልማዱ የወንድሙን ሚስት ይውረስ ወይስ ይተዋት? ልጄ ከብት ሊዘል ነው (ወንድ ልጅ ለጋብቻ የሚበቃበት ሥርዓት ነው)፤ ድግሱ ላይ ልቀመጥ ወይስ ልቅር? ከብት ተዘርፎ ሰው ተገድሏል፣ ዘመዶቼ ለደም በቀል እየተነሡ ነው፤ አብሬ ካልወጣሁ ፈሪ እባላለሁ፤ ምን ላድርግ? እነዚህ ጥያቄዎች በየትኛው ኮርስ ውስጥ ነው ያሉት? የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ምዕራባውያን የተሐድሶ ታሪክ ፈተና ይቀመጣል፤ ይማር፣ ጥሩ ነው። የሟች ወንድሙን ሚስት ጉዳይ ግን ማንም አይጠይቀውም፤ አስተማሪውም መልሱን አያውቀውም።

ሚንጊን ደግሞ አስቡ። የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ መንታ ሆኖ የተወለደ ልጅ፣ ከልማዱ ውጭ የተፀነሰ ልጅ እርግማን ያመጣል ተብሎ የሚጣልበት ልማድ በሐመር፣ በበናና በካራ ዘንድ ለትውልድ ሲሠራበት ኖሯል። የካራ ሽማግሌዎች እ.ኤ.አ. በ2012 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ልማድ በይፋ አቁመዋል። ያቆሙት ከውጭ በመጣ ትእዛዝ ብቻ አይደለም። ከራሳቸው ማኅበረሰብ የወጡ ሰዎች ለዓመታት ከእነሱ ጋር ተቀምጠው ተነጋግረው ነው። ከእነዚያ ሰዎች ግንባር ቀደሙ የተማረ ወጣት ነው፤ ጸሐፊው ይህን ለራሳቸው ወገን ሊቆጥሩት ይችላሉ፣ ይቁጠሩት። ልማዱን የሻሩት ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ወጣቱም የደከመው እነሱን በማሳመን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥልጠናም መግባት ያለበት እዚያ ሸንጎ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ጋ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ «ኮሌጅ የገባ መሪ ይከበራል፤ ያልገባው አይደመጥም» ይላል። ከተማ ውስጥ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሚሽን መስኩ ላይ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ኮሌጅ ለመግባት ምን ይጠየቃል? የትምህርት ማስረጃ፣ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ፣ ቤቱን ጥሎ ለመቆየት መቻል። ይህን የሚያሟላው ማነው? ወጣት፣ ያላገባ፣ ከብት የሌለው፣ ልጅነቱን ጂንካ ወይም ዲመካ አዳሪ ትምህርት ቤት ያሳለፈ ልጅ ነው። ልጁ ላይ ምንም ችግር የለም። ነገር ግን በሐመር ከብት ያልዘለለ ወንድ ሚስት ማግባት አይችልም፤ በሽማግሌዎች ፊት የሚናገረውም ቃል ክብደት የለውም። ሦስት ዓመት አስተምረን፣ ሱፍ አልብሰን፣ ዲግሪ አስይዘን ስንልከው ዛፍ ሥር የተቀመጡት አባቶች «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብለው ይጀምራሉ። ቃሉን የሚሰሙት ግን ፊደል ያልቆጠረው፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ሁለት ልጁን የዳረው፣ ጠብ ያበረደው ሰው ሲናገር ነው። ይህ ሰው ኮሌጁ የሚጠይቀውን አያሟላም። ስለዚህ ምርጫው ገና ከበሩ ላይ ተበላሽቷል። አስተማሪዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ በሩ የተሠራው ለሌላ ሰው ነው።

ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ስለ መሪ የጻፈውን አንብቡት። ቤቱን በመልካም የሚያስተዳድር፣ ልጆቹን የሚገዛ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ በውጭ ባሉ ሰዎች ዘንድ መልካም ምስክር ያለው። ይህን ዶርም ውስጥ ማን ይመሰክራል? የመኝታ ጎረቤቱ? ሚስቱ እዚያ የለችም፣ ልጆቹ የሉም፣ ጎረቤቶቹ የሉም። የግሪክኛ ውጤቱን ማወቅ ይቻላል። ሚስቱን ይመታ እንደሆነ ግን የሚያውቀው መንደሩ ነው።

ከዚያ ደግሞ የመመለሱ ጉዳይ አለ። ይህን ከቀመሱት ውስጥ የጓቲማላን ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ልጥቀስ። ሴሚናሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1938 ከፈቱ። 25 ዓመት ገደማ ካስተማሩ በኋላ ቆጠራ ሲያደርጉ፣ ከገቡት ከ200 በላይ ተማሪዎች በመጋቢነት ሲያገለግሉ የተገኙት አሥር ብቻ ሆኑ። ከገጠር የመጣው ተማሪ ወደ ገጠር አልተመለሰም፤ ለመመለስ የፈለገውም ኑሮው አልገጠመለትም። ያኔ ሚሽነሪዎቹ ራልፍ ዊንተርና ጄምስ ኤመሪ፣ በኋላም ሮስ ኪንስለር ነገሩን ገለበጡት። በ1963 አስተማሪዎቹ በየሳምንቱ ወደ ተማሪዎቹ አካባቢ መሄድ ጀመሩ፤ ተማሪው እርሻው ላይ እየሠራ፣ አጥቢያውን እየመራ፣ ማታ ማታ ያነባል። ቲ ኢ ኢ (Theological Education by Extension፣ ተማሪው ባለበት የሚሰጥ የሥነ መለኮት ትምህርት) እያልን የምንጠራው ነገር የተወለደው እንዲህ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ብዙ አገር ደርሷል፣ እኛም አገር ገብቷል። ጸሐፊው ኮሌጃቸው ውስጥ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ጽሑፋቸው ውስጥ ግን አንድ ጊዜም አላነሡትም።

ሦስተኛው ምክንያታቸው ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ ይደረግልኝ። «ኦኔሲሞስ ነሲብ ስዊድን ሄዶ ባይማር የኦሮሞ ቤተ ክርስቲያን የት ትሆን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦኔሲሞስ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምጽዋ አካባቢ ነጻ የወጣ፣ ኋላም ስዊድን ዮሐነሉንድ በተባለው የሚሽን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1881 የተማረ ሰው ነው። አስቴር ጋኖን ከመሰሉ ባልደረቦቹ ጋር ደክሞ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ በ1899 አሳተመ። ይህን ሥራ ያለ ከፍተኛ ትምህርት መሥራት አይቻልም ነበር፤ አልከራከርም። ተርጓሚ፣ የመምህራን መምህር፣ የመጻሕፍት አዘጋጅ ኮሌጅ ይግባ፤ እንዲያውም ከኮሌጅም በላይ ይሂድ።

ግን ሁለት ነገር አይዘለል። ኦኔሲሞስ ከቤቱ የወጣው ለትምህርት ተልኮ አይደለም፤ ተሸጦ ነው። አገሩ ለመግባትም ደጋግሞ ሞክሮ መንገዱ ተዘግቶበት ነው የቆየው። በመጨረሻ በ1904 ነቀምት ሲደርስ ምን አደረገ? ጎበዝ ጎበዞቹን መርጦ ወደ ስዊድን አልላካቸውም። እዚያው ትምህርት ቤት ከፈተ። ከእሱ ቀደም ብሎም በ1898 ወንጌላዊው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ወለጋ ውስጥ ቦጂ ገብቶ ሕዝቡ መካከል ተቀምጦ ሲያስተምር ነበር። ጸሐፊው የጠሩት ምስክር ለእኔም ይመሰክራል ማለት ነው።

ወላይታን ደግሞ ለምን እንደዘለሉ አልገባኝም። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1928 ገቡ። የመጀመሪያዎቹ አማኞች በ1933 ተጠመቁ። ጣልያን ሚሽነሪዎቹን በ1937 ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ እጃቸው ላይ የነበረው በቋንቋቸው የተዘጋጀ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው። ኮሌጅ የለም፣ ዲፕሎማ የለም፣ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ የለም። ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎች ታሰሩ፣ በአደባባይ ተገረፉ። ሚሽነሪዎቹ ከጣልያን መውጣት በኋላ ሲመለሱ የአማኙ ቁጥር ወደ 10,000 ደርሶ አገኙት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ እየተማማሩ፣ አዲሱን አማኝ ነባሩ እያስጠና ነው የቆዩት። ከዚያም አልፈው ወንጌላውያኑ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ እስከ ኣሪ ድረስ ሄደው፣ ቋንቋ ተምረው፣ ከሕዝቡ ጋር እያረሱ አስተማሩ። ዛሬ «ደቡብ ኦሞ ያልተማሩ መሪዎች አሉ» ብለን የምንጽፈው እነዚያ ሰዎች በከፈቱት በር ገብተን ነው።

«ኋላ ላይ ወላይታም የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተከፍቶ የለም ወይ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ተከፍቷል፤ ሰዉም በጉጉት ተምሯል። የት ተከፈተ? እዚያው ወላይታ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

የደርግ ዘመንም ሌላ ማስረጃ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 ስትዘጋ፣ ሕንፃዎቿ ሲወረሱና መሪዎቿ ሲታሰሩ ምእመናኗ 5,000 ገደማ ነበሩ። በ1991 በግልጽ መሰብሰብ ስትጀምር ወደ 34,000 ደርሰው ነበር። በእነዚያ ዓመታት መሪዎቿ የሠለጠኑት ሳሎን ውስጥ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ በአነስተኛ ቡድን ነው። ሴቶቹ ደግሞ ያልተነገረላቸውን ያህል ሠርተዋል። ኮሌጃቸውን የከፈቱት ከነጻነቱ በኋላ ነው፣ ደግ አደረጉ። ግን ኮሌጁ የመጣው ቤተ ክርስቲያኗ መሪዎቿን በየቤቱ ካፈራች በኋላ ነው።

አራተኛ፣ «የቆሎ ተማሪስ ከቤቱ ርቆ አይደል የሚማረው?» ብለዋል። ይህ ምሳሌ ደስ ብሎኛል፤ ከእኛው አገር የወጣ ስለሆነ። ግን አይገጥምም። የአብነት ተማሪ ሲወጣ ገና ልጅ ነው፤ የሚመራው ምእመን የለውም፣ ጥሎት የሚሄደው መንጋም የለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሕዝቡ በሰጠው ቁራሽ ነው የሚማረው። ገጠር ውስጥ ይኖራል፣ ገጠሩም ያኖረዋል። ስፖንሰር ተፈልጎለት ወደ ከተማ የተወሰደ የአጥቢያ ሽማግሌ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

አምስተኛው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ጳውሎስ በኤፌሶን ጢራኖስ በሚሉት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ዕለት ዕለት አስተማረ፤ «ይህ ኮሌጅ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» ይላሉ። ኮሌጅ እንበለው። ግን ማን ወደ ማን ሄደ? ተጓዡ ጳውሎስ ነው። የኤፌሶን ሰዎች ኤፌሶን ሆነው ተማሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቃሉ እስያን ሁሉ አዳረሰ፤ የቆላስይስን ሰዎች ያስተማራቸው ጳውሎስ ሳይሆን ከእነሱው የሆነው ኤጳፍራ ነው፤ ጳውሎስ ፊታቸውን እንኳ አላየም። በልስጥራን፣ በኢቆንዮንና በአንጾኪያ ደግሞ ገና ብዙ ሳይቆዩ በየቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችን ሾመው ለጌታ አደራ ሰጥተዋቸው ሄዱ (ሐዋ. 14፥23)። ቲቶንም ቀርጤስ የተወው በየከተማው ሽማግሌዎችን እንዲሾም ነው። «ጎበዞቹን ወደ አንጾኪያ ላክልኝ» አላለውም። አዎ፣ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ወደ ሚሊጢን ያስጠራበት ጊዜ አለ። ለስንብት ነው፣ አልቅሰው ተመለሱ።

ስድስተኛው ነጥብ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። «ዛፍ ሥር መጽሐፍ የለም፤ ብቁ መምህር የለም፤ ሦስት ቀን አስተምሮ አበል ከፍሎ መመለስ ሥልጠና አይባልም» ይላሉ። ይህ ትችት ልክ ነው፣ መባልም አለበት። በላንድክሩዘር ተሂዶ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሠርተፍኬት ታድሎ ሲያበቃ ሰዉ የሚያስታውሰው ምሳውን ብቻ የሆነበት «ሥልጠና» ሞልቷል። ከአዲስ አበባ የተዘጋጀ ወፍራም መመሪያ በአማርኛ ታትሞ ማንበብ ለማይችል ሰው ይታደላል። ቲ ኢ ኢም ቢሆን በየቦታው የወደቀው በዚህ ነው፤ መምህሩ መምጣቱን አቆመና መጽሐፉ ብቻ ቀረ፣ ባዶ ቦታ ሙላ ሆነ።

መድኃኒቱ ግን ዛፉን መቁረጥ አይደለም። ሥልጠናው እዚያው ሆኖ ረዥም ይሁን። መምህሩ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋ እንግዳ አይሁን፤ ለዓመታት የሚመላለስ፣ ቋንቋውን የሚሞክር፣ በደረቁ ወራት ከብት ተከትለው ወደ ውሃ የወረዱትን ፍለጋ እዚያው የሚወርድ ሰው ይሁን። ዳሰነች ማሽላ በሚዘራበት ሳምንት «ኮርስ አለ» ብሎ የሚጠራ አስተባባሪ ማንም ባይመጣለት አይግረመው። ማንበብ ለማይችለው በታሪክ፣ በዜማ፣ በመደጋገም ይሰጥ። ሙሉውን የማርቆስ ወንጌል በቃሉ ይዞ እሳት ዳር የሚተርክ ሽማግሌ አይቻለሁ፤ የማርቆስን ምዕራፎች በቅደም ተከተል መጥራት የሚያቅተው ዲግሪ ያለው ሰውም አይቻለሁ። ከሁለቱ የትኛው «ያልተማረ» እንደሚባል አላውቅም። ሚስቶቹም አብረው ይቀመጡ፤ ኮሌጁ ውስጥ ለእነሱ የሚሆን አልጋ የለም፣ ዛፉ ሥር ግን ቦታ አለ።

ወጪውን ጸሐፊው እንደ ቀላል ነገር ነው ያለፉት። አንድን ሰው ሁለት ሦስት ዓመት ከተማ ማስቀመጥ የእሱን ቀለብና ኪራይ ብቻ አይደለም። ከብቱን ማን ይጠብቅ? ድርቅ ቢመጣ ልጆቹን ማን ያሻግር? አጥቢያውንስ ማን ይምራ? ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ አንድን መምህር ለብዙ አጥቢያ ያመላልሳል። የትራንስፖርቱን ችግር ግን አላቃልልም፤ ነዳጁም መንገዱም በየዓመቱ እየከበደ ነው።

በመጨረሻ «ምላሽ ያለው ይጻፍልኝ» ብለዋል። ጽፌያለሁ፤ አሁን ደግሞ የምጠይቀው ነገር አለኝ። ኮሌጆቻችን ሐምሌና ነሐሴን ይዘጋሉ፣ አስተማሪዎቹም ዕረፍት ላይ ናቸው። አዲስ አበባ ክረምት ሲሆን የሐመር ቆላ ደረቅ ነው፤ መንገዱ ይሻላል። ጸሐፊው ራሳቸው በዚያ ወቅት አንድ ወር ቱርሚ መጥተው ሽማግሌዎቹን ያስተምሩ ይሆን? አስተርጓሚ እኛ እናዘጋጃለን፤ ማደሪያ አለ። ሦስት ሚስት ያለው ሰውዬም አሁንም ጥምቀቱን እየጠበቀ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው እሱ ነው።